የማይጮኽ ፍጡር ሐቅ



ስለ እንስሳት ሐቅ ሲነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን አህያው፣ በሬው፣ ድመቷና ውሻው ነው። ከአቅሙ በላይ የተጫነ አህያ ያናፋል፤ የተራበች ድመት ትጮኻለች፤ የተመታ ውሻ ያለቅሳል። ድምፃቸው ከጆሯችን ስለሚደርስ፣ ልባችን ምንም ቢደነድን ቢያንስ ዘወር ብለን እናያለን። ለመሆኑ ድምፅ የሌለው፣ ዓይን የሌለው፣ ፊት የሌለው፣ ቢጎዳ የማይጮኽ፣ ቢሞት እንኳ መሞቱ ቶሎ የማይታወቅ ፍጡር በእጃችን ቢገባስ ሐቅ አለውን? ካለውስ ሐቁን የሚጠይቀን ማን ነው? ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ ይህ ነው።

ጥያቄውን ያመጣብኝ በጅዳ የሚኖር አንድ ወዳጄ ነው። በቤቱ ሦስት መቶ ሊትር ያህል የጨው ውሃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አቁሟል፤ አኳሪየም የሚባለውን ማለቴ ነው። ገንዳው ከተሞላ አራት ወር ሆኖታል። በውስጡ ሁለት ክላውን ፊሽ የሚባሉ ባለ ቀለም ዓሦች አሉ። «አሁን ደግሞ የባሕር አኔሞን ልጨምርላቸው አስቤአለሁ፤ በባሕር ውስጥ መጠለያቸው እሱ ነውና። በዲናችን ይህን ማድረግ እንዴት ይታያል? ደግሞስ ባሕሩ እደጄ ነው፤ ከሱቅ ልግዛ ወይስ ራሴ ጠልቄ ላውጣ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልደፍርም። ነገር ግን ጥያቄውን ባሰብኩት ቁጥር የአንድ ሰው ገንዳ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘሁትም። በእጁ ሕይወት ያለው ነገር የያዘ ሰው ሁሉ፣ ልጅም ቢሆን፣ ሠራተኛም ብትሆን፣ በግም ቢሆን፣ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ለአንባቢያን ላካፍል ወደድኩ።

ፍጡሩ ምንድን ነው?

አኔሞንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አበባ ይመስለዋል። ዐረቦችም በአበባ ስም «ሸቃኢቁ-ን-ኑዕማን አል-በሕሪያ» ይሉታል። ይሁንና ተክል አይደለም፤ እንስሳ ነው፤ የመርጃንና የጄሊፊሽ ዘመድ ነው። ከታች ባለው ጠፍጣፋ እግሩ ከዐለት ጋር ይጣበቃል፤ ከላይ ደግሞ አፉን የከበቡ እንደ ጣት የሚወዛወዙ ክንዶች አሉት። በክንዶቹ ላይ በዓይን የማይታዩ ተናዳፊ ሕዋሳት ተደርድረዋል። ምግብ የሚገባውም ቆሻሻ የሚወጣውም በዚያው በአንዱ አፉ ነው። አንጎል የለውም፤ በሰውነቱ ውስጥ እንደ መረብ የተዘረጋ የነርቭ ሥርዓት ግን አለው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው አኗኗሩ ነው። ክላውን ፊሽ የሚጠለሉባቸው አኔሞኖች በሥጋቸው ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ አልጌዎችን ያስጠልላሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ለአሳዳሪያቸው ያካፍላሉ። በላዩ ላይ ደግሞ ክላውን ፊሿ ትመጣለች። ሌላውን ዓሣ የሚነድፉት ክንዶች እሷን አይነኳትም፤ ሰውነቷን የሸፈነው ልግ ይከላከልላታል። እሷ ከጠላቶቿ በክንዶቹ መካከል ትሸሸጋለች፤ በአጸፋው አኔሞኑን ሊበሉ የሚመጡ ዓሦችን ታባርራለች፤ ከሰውነቷ የሚወጣው ቆሻሻም ለአልጌዎቹ ማዳበሪያ ይሆናል። በዓለም ላይ ሠላሳ ያህል የዚህ ዓሣ ዝርያዎች ሲኖሩ የሚያስጠልሏቸው የአኔሞን ዝርያዎች ግን ዐሥር ያህል ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ምድር ሲመጡ ባቋረጡት ቀይ ባሕር ውስጥም ሁለት ነጭ መቀነት ያላት ዓሣ ከእነዚህ አኔሞኖች ጋር እስከ ዛሬ ትኖራለች።

አልጌ፣ አኔሞንና ዓሣ፤ ሦስት ፍጡሮች፣ አንዱ ያለ ሌላው የማይደላው። በምድር ላይ የሚሄድም ሆነ በክንፎቹ የሚበር ሁሉ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን የሚነግረንን የሱረቱል አንዓምን 38ኛ አንቀጽ ላነበበ ሰው ይህ ትልቅ ኣያ ነው። እንግዲህ ወዳጄ ወደ ቤቱ ሊያስገባ ያሰበው አንድ ጌጥ አይደለም። የአንድን ሕዝብ አባል ነው።

መያዝ በራሱ ሐራም ነውን?

አንዳንድ ሰው እንስሳን ከተፈጠረበት ቦታ አውጥቶ በቤት ማኖር ጭራሽ ግፍ ነው ይላል። ይህ አባባል ከአዛኝ ልብ የመጣ ቢሆንም ከሱናው ጋር አይገጥምም። የአነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሲመጡ ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት ነበር፤ ወፏ በሞተችበት ጊዜም አጽናንተውታል። ለምን ያዝካት ብለው አልገሠጹትም። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ይህን አጭር ሐዲስ የሻፊዒይ መዝሀብ ዐሊም የነበሩት ኢብኑል ቃስ ስልሳ ያህል ቁም ነገሮችን አውጥተውበት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈውበታል። ወፍን ይዞ ማኖር የሚፈቀድ መሆኑ ዑለማዎች ከሐዲሱ ከወሰዷቸው ትምህርቶች አንዱ ነው።

የባሕርም ነገር እንዲሁ ነው። ሱረቱል ማኢዳህ በ96ኛው አንቀጽ የባሕር አደን የተፈቀደ መሆኑን ይገልጻል። ሱረቱን ነሕል በ14ኛው አንቀጽ ከባሕር ትኩስ ሥጋን ብቻ ሳይሆን የምንለብሰውን ጌጥ እንደምናወጣ ያስታውሰናል። በዚያው ሱራ 6ኛ አንቀጽ ላይም ከብቶች ማታ ሲገቡና ጠዋት ሲሰማሩ በእነሱ ላይ ውበት እንዳለን ተነግሯል። ስለዚህ በፍጡር ውበት መደሰት ነውር አይደለም።

በሌላ በኩል ግን ያቺን ድመቷን አስራ የቀጣችውን ሴት ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም የለም። ሴትዮዋ ለእሳት የተዳረገችው ድመት ስላኖረች አልነበረም። ራሷም አልመገበቻትም፤ ወጥታ የምድርን ነፍሳት እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ነገሩን ልብ ብለን ብናየው የጥፋቱ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድመቷ ነጻ በነበረች ጊዜ ሲሳይዋ በአላህ ምድር ላይ ተበትኖላት ነበር። በሩ ሲዘጋባት ግን ያ ሲሳይ የሚደርሳት በሴትዮዋ እጅ ብቻ ሆነ። በር የዘጋ ሰው በሩ የከለከለውን ሁሉ የመስጠት ዕዳ ይገባበታል።

ሁለቱን ሐዲሶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ መያዝ እንደሚፈቀድ፣ የያዘ ግን እንደሚጠየቅ እንረዳለን። እንግዲያው ትክክለኛው ጥያቄ «ይፈቀድልኛልን?» የሚለው ብቻ መሆኑ ይቀርና «ልሸከመው እችላለሁን?» ወደሚለው ይሸጋገራል።

«አንጎል ከሌለው ምን ይጎዳል?»

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ድመትና ግመል ሕመም ይሰማቸዋል፤ አንጎል የሌለው ነገር ግን ምን ይሰማዋል? ከጎመን በምን ይለያል?» የሚል። ይህን ተቃውሞ ማቃለል አይገባም። አኔሞን ሲነኩት ይሰበሰባል፤ ቦታው ካልተስማማው እግሩን አላቅቆ ይሄዳል፤ ምግብ ሲያገኝ ይይዛል። ይህ ሁሉ ግን እኛ ሕመም የምንለው ነገር እንዳለው ማረጋገጫ አይሆንም። ስለዚህ መልሴን በሕመሙ ላይ አልመሠርትም።

መልሴ እንዲህ ነው። በዲናችን ሐቅ የሚመሠረተው በባለ ሐቁ ስሜት ላይ ብቻ አይደለም። አባቱ የሞተበትን የአንድ ወር ሕፃን እናስብ። አባቱ ቤት ትቶለት ይሁን ወይም ዕዳ አያውቅም። ሞግዚቱ ንብረቱን ቢበላበት ሕፃኑ አይሰማውም፤ አያለቅስም፤ ምናልባትም እስከ ዕድሜ ልኩ አያውቅም። ታዲያ ጥፋቱ በዚህ ምክንያት ቀለለን? እንዲያውም ከበደ! የሚከስ ሰው በሌለበት ከሳሹ አላህ ብቻ ነውና። አኔሞንንና የቲምን እኩል ላደርግ አይደለም፤ ሎጂኩን ለማሳየት ያህል ነው። ባለ ሐቁ አለማወቁ ወይም አለመጮኹ የያዘውን ሰው ከአማናው ነጻ አያደርገውም።

ሁለተኛው ነገር እኛ የምናውቀው ጥቂት መሆኑ ነው። ሱረቱል ኢስራእ በ44ኛው አንቀጽ አላህን የማያጠራ ምንም ነገር እንደሌለ፣ እኛ ግን ማጥራታቸውን እንደማንረዳ ይነግረናል። የአንድ ፍጡር ዋጋ እኛ ቋንቋውን በመረዳታችን ልክ ቢሆን ኖሮ ከሰው በቀር ዋጋ ያለው ፍጡር ባልተገኘ ነበር። በአቡ ዳውድ በተዘገበው ሐዲስ አንድ ግመል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባየ ጊዜ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እሳቸውም ባለቤቱን አስጠርተው ማስራቡንና ማድከሙን ነገሩት። ግመሉ ስሞታውን የሚሰማለት አገኘ። ሰሚ የሌለው ፍጡር ስሞታ የት እንደሚደርስ ግን አማኝ የሆነ ሰው አይጠፋውም።

የባሕርን ሥራ መረከብ

ወደ ገንዳው እንመለስ። ድመት ያሠረ ሰው ምግብና ውሃ ማቅረብ ይበቃዋል። አኔሞን ያስገባ ሰው ግን የሚረከበው የባሕርን ሥራ ነው። ባሕር ጨዉን ይመጥናል፤ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ማዕበሉ ትኩስ ውሃ ያመጣል፤ ቆሻሻውን ያጥባል። ይህ ሁሉ ሌሊትና ቀን ያለ ሰው እርዳታ በአላህ ፈቃድ ሲሠራ የነበረ ሥራ ነው። በሦስት መቶ ሊትር መስታወት ውስጥ ግን ባለቤቱ ካልሠራው ማንም አይሠራውም።

ዝርዝሩን እንመልከት። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ከዚህ ይበልጥና ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ከሩቅ ውቅያኖስ የመጣን አኔሞን በድንገት በሌላ ጨው ውስጥ መወርወር ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የገንዳው ውሃ በጠብታ እየተጨመረለት ቀስ በቀስ ይለማመዳል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ጸንቶ መቆየት አለበት። በሥጋው ያሉት አልጌዎች እንዲኖሩ ብርቱ መብራት በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ያስፈልገዋል። ብርሃን ያነሰው ወይም ሙቀት የበዛበት አኔሞን አልጌዎቹን ያጣና ይነጣል፤ ነጭነቱን ውበት አድርጎ የሚያይ የዋህ ገዢም አይጠፋም፤ የራብ መልክ መሆኑን ግን አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጊዜ አለ። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ይወስዳል፤ ውሃው ከዚያ በኋላም ለወራት ይዋዥቃል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ገንዳው ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት ሳይሞላው አኔሞን አታስገቡ የሚሉት። የወዳጄ ገንዳ ደግሞ ገና የአራት ወር ነው። ትዕግሥት ማድረግ እዚህ ላይ የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

አኔሞን ተራማጅ መሆኑም መረሳት የለበትም። ባስቀመጡት ቦታ ላይቆይ ይችላል፤ ሌሊት ሲዞር ከውሃ መሳቢያ ሞተሩ ደርሶ የሚቆራረጥ ብዙ ነው። የሞተ አኔሞን ደግሞ ፈጥኖ ይበሰብስና በገንዳው ያሉትን ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ የሞተሩ አፍ አስቀድሞ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ይሸፈናል። ከዐለት በኃይል መላቀቅም የለበትም፤ እግሩ ከተቀደደ ብዙ ጊዜ አይድንም። በአጠገቡ ያሉ መርጃኖችም ይነደፋሉ።

በ660 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1262) የሞቱት ታላቁ ዐሊም ዒዝ ኢብን ዐብዲሰላም «ቀዋዒዱል አሕካም» በተባለው ሥራቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረዋል። ሊጠቅሙ የማይችሉ ያረጁና የታመሙ ቢሆኑም እንኳ ቀለባቸውን መስጠት፣ የማይችሉትን አለመጫን፣ ከራሳቸው ዓይነትም ሆነ ከሌላ ከሚጎዳቸው እንስሳ ጋር አንድ ላይ አለማድረግ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ዒዝ ኢብን ዐብዲሰላም ሞተርም አኳሪየምም አላዩም። ነገር ግን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አስቀድመው የጻፉት ዝርዝር ዛሬ በገንዳ አጠገብ ቢለጠፍ አንድም ነገር አይጎድለውም።

ከየት መጣ?

«ባሕሩ እደጄ ነው» ላለው ወዳጄ ደግሞ አንድ ታሪክ ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ «አኳሪየም» በሚል ርዕስ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቃሉንም በሕዝብ ዘንድ ያስለመደው እሱ ነበር። ጎስ በሃይማኖቱ ጽኑ ሰው ነበር፤ የፈጣሪን ሥራ ለሰው ማሳየት ይወድ ነበር። መጽሐፎቹን ያነበበ ሁሉ ቅርጫትና መዶሻ እየያዘ ወደ እንግሊዝ ባሕር ዳርቻዎች ወረደ። አኔሞኖች ከዐለት ላይ እየተፈለፈሉ በየሳሎኑ ገንዳ ውስጥ ገቡ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ልጁ ኤድመንድ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፉ፣ በልጅነቱ ያያቸው በውበት የተሞሉ የዐለት ኩሬዎች በሰብሳቢዎች ብዛት መራቆታቸውን፣ አባቱም ይህ በማይፈልገው መንገድ በመሆኑ ማዘኑን በቁጭት ጽፏል።

ያንን ዳርቻ ያራቆቱት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፍጡሩን የወደዱ ሰዎች ነበሩ። እያንዳንዱ የወሰደው አንድ ብቻ ነበር፤ «እኔ አንድ ብወስድ ምን ይጎድላል?» ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ፍቅር ሚዛን ሲያጣ እንደ ጥላቻ ያወድማል።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። የባሕር ውሃ ሙቀት ከመጠን በላይ በመጨመሩ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 በዓለም ዙሪያ መርጃኖች በስፋት ነጥተዋል፤ አራተኛው ዓለም አቀፍ ንጣት መከሰቱም በሚያዝያ 2024 ይፋ ሆኗል። አኔሞኖችም ከዚሁ ጉዳት አያመልጡም። በሰዎች እጅ ሥራ የተነሳ ብልሽት በየብስና በባሕር መታየቱን የሚናገረውን የሱረቱ ሩምን 41ኛ አንቀጽ በዚህ ዘመን የሚያነብ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከተጎዳ ባሕር ላይ አንድ አኔሞን ማንሳት መጠለያውን ብቻ ማንሳት አይደለም፤ በውስጡ የሚኖሩትን ዓሦች ለጠላት አጋልጦ መተው ነው። ጫጩቶቿ ተወስደውባት ክንፏን እያራገበች የመጣችውን ወፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይተው፣ ማን በልጆቿ እንዳስጨነቃት ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዋል። ባሕሩ ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ በመፈቀዱ ውስጥ ግን መጉዳት አልተፈቀደም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አላህ ይመስገን፣ መውጫ አለ። ጫፉ እንደ አረፋ የሚያብጠው የአኔሞን ዓይነት በገንዳ ውስጥ ሲደላው ራሱን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ስለዚህ ከሌላ ሰው ገንዳ የተከፈለውን መውሰድ ይቻላል፤ ከባሕር የሚጎድል የለም፤ የመስታወት ኑሮንም ቀድሞ ለምዶታል። ሻጭን «ከባሕር ነው ወይስ ከገንዳ?» ብሎ መጠየቅ የገዢው ግዴታ ነው። ነጥቶ የተዳከመውን አኔሞን ቀለም ነክረው የሚሸጡ መኖራቸውም የታወቀ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእህሉ ውስጥ እርጥቡን የደበቀውን ነጋዴ እንዴት እንደገሠጹ የሚያውቅ ሙስሊም ነጋዴ ከዚህ ሥራ ሊርቅ ይገባል። ገዢውም አፉ የተከፈተውን፣ እግሩ የማይጣበቀውን፣ ቀለሙ ያልተለመደውን ትቶ ማለፍ አለበት።

ለማን ብለን ነው?

ወዳጄ አኔሞኑን የሚያስገባው «ለዓሦቹ መጠለያ» ብሎ ነው። ይህን ኒያ መመርመር ያስፈልጋል። ክላውን ፊሽ በባሕር ውስጥ ያለ አኔሞን መኖር የማይሆንላት ጠላት ስላለባት ነው። በገንዳ ውስጥ ግን የሚበላት የለም። ዛሬ በየሱቁ ከሚሸጡት ብዙዎቹ በሰው እጅ የተራቡ፣ ከተፈለፈሉ ጀምሮ አኔሞን አይተው የማያውቁ ናቸው፤ ያለ አኔሞንም ጤነኛ ሆነው ለዓመታት ይኖራሉ። እንዲያውም አዲስ የገባላቸውን አኔሞን ጨርሶ የማይጠጉ አሉ። እንግዲያው አኔሞኑ የሚገባው ለዓሦቹ ሳይሆን ለዓይናችን ነው። ለዓይን ደስታ መፈለግ ሐራም አይደለም፤ የራስን ፍላጎት በዓሣ ስም መጥራት ግን ራስን ማታለል ነው። ሥራ የሚለካው በኒያ ከሆነ ኒያው በእውነተኛ ስሙ መጠራት አለበት።

ከዚሁ ጋር የማይነጠል ሌላ ጉዳይ አለ። የጨው ውሃ ገንዳ መብራቱ፣ ሞተሩ፣ ጨዉና መለኪያው ገንዘብ ይበላል። ዘካውን ያወጣ፣ የቤተሰቡን ሐቅ ያልነካ፣ ጎረቤቱን ያልረሳ ሰው በተረፈው ቢዝናና ማንም አይከለክለውም። ዘመዱ የኪራይ ተቸግሮ እያለ ለአምፖል ዕቃ የሚመርጥ ከሆነ ግን ኢስራፍ የሚለው ቃል የተነገረው ለሌላ ሰው አይደለም።

በዐረብ አገርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በብዙ ቤቶች ገንዳውን የሚያጥበው፣ ውሃውን የሚቀይረው፣ ዓሣውን የሚመግበው የገዛው ሰው አይደለም፤ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ጌታው ሲመጣ ያያል፤ እሷ ትሸከማለች። የውሃው ሙቀት በዲግሪ በሚለካበት ቤት የእሷ ዕረፍት በሰዓት የማይለካ ከሆነ፣ የአኔሞኑ መብራት በሰዓቱ ሲጠፋ የእሷ መብራት እስከ ሌሊት የሚበራ ከሆነ፣ ያ ቤት ለፍጡር አዘነ ማለት አይቻልም። ርኅራኄ ከትልቁ ሐቅ ጀምሮ ወደ ትንሹ የሚወርድ ነው። ትልቁን ዘሎ ትንሹ ላይ የሚያርፍ ርኅራኄ መዝናኛ እንጂ ኢሕሳን አይባልም።

ከባለቤቱ የሚረዝም ዕድሜ

ብዙ ሰው የማያውቀው አኔሞን በቀላሉ የማይሞት ፍጡር መሆኑን ነው፤ ተንከባካቢ ካገኘ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ሰር ጆን ዳልየል የተባለ የስኮትላንድ ተመራማሪ ከባሕር ዳርቻ አንድ አኔሞን አንስቶ በኤዲንብራ ቤቱ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኖረው። ያን ጊዜ ሞተር የለ፣ ማጣሪያ የለ፤ ትኩስ የባሕር ውሃ እየተቀየረለት ነበር የሚኖረው። ዳልየል እ.ኤ.አ. በ1851 ሞተ፤ አኔሞኑ ግን አልሞተም። ለሌላ ሰው ተላለፈ፤ ከዚያም ለሌላ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወልዶ፣ «አያት» የሚል ቅጽል ወጥቶለት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ 1887 ድረስ ኖረ። ከባሕር በወጣ በ59 ዓመቱ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ያስደነቀኝ የአኔሞኑ ዕድሜ ብቻ አልነበረም። እስላም ያልሆኑ ሰዎች አንድን አንጎል የሌለው ፍጡር ለስድሳ ዓመት ያህል ውሃ ሳይታጎልበት እንደ አማና ሲቀባበሉት ማየት ነው። አማና የሚለውን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንሰማ እኛስ? የያዝነው ፍጡር ከኛ በኋላ በማን እጅ እንደሚወድቅ ያሰብን ስንቶቻችን ነን?

በተለይ በስደት ላለ ወገን ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። የስደተኛ ኑሮ በኢቃማ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብዙዎቹ የቤት ዕቃቸውን እንኳ ማንሳት አልቻሉም። አልጋና ወንበር ጥለውት ቢሄዱ ይቆያል። ሕይወት ያለው ነገር ግን አይቆይም፤ ሞተሩ በቆመ በማግስቱ ውሃው ኦክስጅን ያጣል። ስለዚህ የሚረከብ ሰው አስቀድሞ ያላዘጋጀ ስደተኛ ረጅም ዕድሜ ያለውን ፍጡር ከመያዙ በፊት ደጋግሞ ቢያስብ ይሻለዋል። አዲስ አበባ ላለውም መብራት ጠፍቶ ሰዓታት ሲቆጠሩ ሞተሩን የሚያንቀሳቅስ ባትሪ አለኝ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ለወዳጄ የሰጠሁትን መልስ ለአንባቢያንም ላስቀምጥ። አኔሞን ማኖርን ሐራም የሚያደርግ ነገር እኔ አላየሁም። ነገር ግን ገንዳህ ዓመት ይሙላው፤ ውሃው መጽናቱን በመለኪያ አረጋግጥ፤ ሞተሩን ሸፍን፤ ከባሕር አታውጣ፣ ከባሕር የወጣም አትግዛ፤ በገንዳ የተከፈለ ካገኘህ እሱን ውሰድ፤ ሥራውን በራስህ እጅ ሥራ እንጂ በሠራተኛህ ጫንቃ ላይ አትጣል፤ አገር ብትለቅ የሚረከብህን ሰው ዛሬውኑ በስም እወቅ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ዓሦችህ ያለ አኔሞን ይበቃሉ፤ አኔሞኑንም በባሕሩ ተወው። እዚያ ያለ አንተ ተስቢሑን ያደርጋል፤ ውሃውን የሚለውጥለት፣ ሲሳዩን የሚያደርስለት ጌታ አለው።

መተውም ቢሆን ኢባዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሁሉን የወደድነውን ወደ ቤታችን ማስገባት የለብንም፤ ፍጡርን ባለበት ቦታ ወድዶ ፈጣሪውን አመስግኖ ማለፍም መውደድ ነው። በእጃችን የገባውን ግን፣ ቢጮኽም ባይጮኽም፣ በአማና እንያዘው። ጌታው በሚጠይቀን ቀን እኛ አንናገርም ብንል እንኳ እጆቻችን ይናገራሉና።

አላህ (ሱ.ወ) የተረከብነውን አማና ከሚጠብቁት፣ ደካማን ከሚያዝኑለት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።